የሲሊኮኑን አይስክሬም ፎርማ ግዙ፣ ማሽኑን ተዉት

ለቸኮለ ሰው መጀመሪያ ልናገርና፣ ባለ 6 ጉድጓድ የሲሊኮን አይስክሬም ፎርማ ነው፣ ክዳን አለው፣ ጅማ መርካቶ የኩሽና ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች በ700 ብር ገዛሁት፣ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ኮከብ ያስቀነሰችው ክዳኗ ናት፣ እሷን ወደታች እመጣባታለሁ። ጊዜ ያለው ያንብብ ትንሽ ይረዝማል።

ጅማ ይሞቃል ስል አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቼ ይስቁብኛል፣ ለነሱ ጅማ ማለት ዝናብና ጭቃ ነው። ይዘንባል እሱስ እውነት ነው፣ ግን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለውን የከሰዓት ፀሐይ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ያውቀዋል። ዘንድሮ 2018 ላይ ደሞ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት፣ ስለዚህ ግቢያችን ግማሹ ወተት አይነካም ግማሹ እስከ መግሪብ ውሃም አይቀምስ፣ ሁሉም ግን ማታ ማታ ቀዝቀዝ ያለ ጣፋጭ ነገር ያምረዋል። ካፌ ያለው አይስክሬም ወተት አለው፣ ሱቅ በላስቲክ የሚሸጠው ባለቀለም በረዶ ደሞ ከስኳርና ከቀለም ሌላ ምን እንዳለው እንጃ፣ ልጄ ምላሱ ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚመጣው። ፍራፍሬ በሞላበት ከተማ ቁጭ ብሎ ይሄን መግዛት አናደደኝ በቃ።

ሻጩ መጀመሪያ 900 ነው ያለኝ፣ «እህቴ ይሄ ኦርጅናል ነው፣ ከዱባይ ነው የመጣው» አለ፣ ካርቶኑን ሳገላብጠው ከላይ እስከታች ቻይንኛ ነው። «ወንድሜ ዱባይ ቻይንኛ መጻፍ ጀመሩ እንዴ» ስለው እሱም ሳቀ፣ 700 ላይ ተስማማን። እዛው አጠገቡ ጠንካራ ፕላስቲኩም ነበረ በግማሽ ዋጋ፣ እህቴ ቤት እሱ ስላለ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ፕላስቲኩ ከፍሪዘር ሲወጣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ካልነከራችሁት አይለቅም፣ ብዙ ከነከራችሁት ይቀልጣል፣ ቸኩላችሁ ከሳባችሁት እጀታው ብቻ በእጃችሁ ይቀራል፣ ደሞ ብርድ ላይ ፕላስቲክ ድርቅ ስለሚል ቶሎ ይሰነጠቃል፣ የእህቴ ሁለቱ ጉድጓድ አሁን ያፈሳል። ሲሊኮኑ ግን ጎኑን በአውራ ጣት ገፋ ስታደርጉት ልክ እንደ ካልሲ ይገለበጣል፣ አይስክሬሙ ሳይሰበር ጫፉ እንኳን ሳይጎድል ይወጣል። እኔ የወደድኩት በዋናነት ይሄን ነው።

መጠኑ ለልጅ ልክ ነው፣ አንዱ ጉድጓድ 80 ሚሊ ገደማ ይይዛል፣ ከቡና ሲኒ ትንሽ በለጥ ይላል ማለት ነው፣ ስድስቱን ለመሙላት ግማሽ ሊትር የማይሞላ ጁስ ይበቃል። ሁለት ደህና ማንጎ ከትንሽ ውሃ ጋር አበቃ። ትልቅ ሰው ግን አንድ በልቶ አይጠግብም፣ ባለቤቴ «ይሄ ቅምሻ ነው ወይስ አይስክሬም» እያለ ሦስቱን ይጨርሳል።

አሁን ክዳኑ። ከፎርማው ጋር አብሮ በስስ ሲሊኮን የተያያዘ ነው፣ መታጠፊያው ላይ በጣም ስስ ነው፣ የኔ በአንድ በኩል ተቀደደ፣ ያውም ሳልጎትተው። ክዳኑ ደሞ ለጌጥ አይደለም እኮ፣ ክዳን የሌለው ነገር ፍሪዘር ውስጥ ካደረ የሥጋውንም የቅቤውንም ሽታ ይስባል፣ ንጥር ቅቤ ንጥር ቅቤ የሚል የአናናስ በረዶ ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ? በጾም! አሁን የተቀደደውን በኩል በፌስታል ጠቅልዬ ነው የማስገባው። ሌላው ችግሩ ሲሊኮን ስለሆነ ይልፈሰፈሳል፣ ሞልታችሁ በባዶ እጅ ካነሳችሁት መሀሉ ይጎብጥና ወለሉ ጁስ ይሆናል፣ ስለዚህ ከመሙላታችሁ በፊት ትሪ ወይ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ አስቀምጡት፣ ከነትሪው ይግባ። እስከ አፉም አትሙሉት፣ ውሃ ሲረጋ መጠኑ 9 ፐርሰንት ያህል ይጨምራል፣ ግማሽ ሴንቲ ከላይ ካልተዋችሁለት ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል እንጨቱንም ያጣምመዋል። አዲሱን ስትገዙ ደሞ የላስቲክ ሽታ አለው፣ በፈላ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፣ ይሄዳል።

ወደ ውስጡ እንምጣ ምክንያቱም ፎርማው ምንም ቢያምር ያለ ፍራፍሬው ዋጋ የለውም፣ ሰዎች «እኔ ጋ ድንጋይ ሆነብኝ» የሚሉት አብዛኛው ከፍራፍሬው ምርጫና ከስኳሩ ነው፣ ፎርማው ምን አጠፋ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ንጹህ ውሃ ዜሮ ዲግሪ ላይ ድርቅ ብሎ ይረጋል፣ ስኳር ያለበት ውሃ ግን ከዚያ በታች ካልወረደ አይረጋም፣ ሲረጋም ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ በበረዶው መሀል ያልረጋ ጣፋጭ ፈሳሽ ይቀራል፣ ጥርስ እንዲገባበት የሚያደርገው እሱ ነው። ስኳር ሲያንስ በረዶ ታኝካላችሁ፣ ሲበዛ ደሞ ሲያድርም እንደላመ ይቀራል። ሐብሐብ ከመቶው 92 እጁ ውሃ ነው፣ ስኳሩ ከ100 ግራም 6 ግራም ገደማ፣ ለዛ ነው ብቻውን ሲረጋ ድንጋይ የሚሆነው፣ ስትመጡትም ጁሱ ቀድሞ ይወጣና ነጭ በረዶ ይቀራችኋል። ማንጎ ግን ደህና ከበሰለ 14 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ ሥጋውም ወፍራም ነው፣ ሙዝም እንደዛው። ስለዚህ ሐብሐብ የምትወዱ ከሙዝ ወይ ከማንጎ ጋር አጋቡት፣ ካልሆነ ቆራርጣችሁ እንዲሁ ብሉት፣ ማንም አልከለከላችሁም።

ስኳሩን ስትለኩ ደሞ ምላሳችሁን እመኑ ግን አንድ ነገር እወቁ፣ ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ይደብቃል። ሳይረጋ ልክ ነው ያላችሁት ሲረጋ ጨው አልባ ወጥ ሆኖ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ገና ጁስ እያለ «ኧረ በዛ» ልትሉ ትንሽ ሲቀራችሁ አቁሙ። እኔ ለሁለት ትልቅ ማንጎ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ሙቅ ውሃ አሟምቼ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ አደርግበታለሁ። ስኳሩን እንደ አሸዋ በትናችሁበት አትተዉት፣ ታች ይዘቅጥና አንዱ ጫፍ ማር ሌላው ጫፍ ውሃ ይሆናል። ማር ያለው ሰው በማር ይሥራው፣ ከስኳር ይልቅ ልስልስ ያደርገዋል፣ ጅማ ላይ ማር አይጠፋም፣ ዋጋው ግን እንደዘንድሮው ከሆነ ለቁርጠት መድኃኒት ካልሆነ በቀር እኔ አላስነካም።

ፍራፍሬውን ሐሙስ ግዙ። እዚህ ጅማ የሄርማታ ገበያ ሐሙስ ነው የሚደምቀው፣ በአባ ጅፋር ጊዜ በምዕራቡ አገር ትልቁ ገበያ ነበር ይባላል፣ ዛሬም ሐሙስ ከገጠር የሚገባውን አቮካዶ ያየ ሰው ያምናል። በዛው ቀን ከሰዓት ላይ ደሞ ሻጮቹ ይዘው መመለስ ስለማይፈልጉ ለስለስ ያለውንና ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ያወጣውን ያረክሱታል፣ ለአይስክሬም የሚፈለገው እሱ ነው፣ ለምን መሰላችሁ፣ በጣም የበሰለው ላይ ነው ስኳሩ ያለው። ለሳህን የሚያምረውን ጠንካራውን ለእንግዳ አድርጉት። የበሰበሰና የጎመዘዘ ሽታ ያለውን ግን በረዶ ያድነዋል ብላችሁ እንዳታስቡ፣ ማቀዝቀዝ ጀርም አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ። ለዚሁ ሲባል የምትጨምሩት ውሃም የፈላ ወይ የታሸገ ይሁን፣ ልጅ ነው የሚመጠው።

የአገራችን ማንጎ ጣዕሙ ልዩ ነው ግን ቃጫው ብዙ ነው፣ ከብሌንደር በኋላ በወንፊት ካላሳለፋችሁት ጥርስ ውስጥ ይቀራል። አፕል የሚሉት ማንጎ ቃጫ የለውም ይወደዳል ግን፣ እኔ የአገሩን አጥልዬ እጠቀማለሁ። አናናስ ከሆነ ቆርጣችሁ ትንሽ አፍሉት፣ ጥሬ አናናስና ጥሬ ፓፓያ ወተትን ወይ እርጎን የሚበላ ነገር አላቸው፣ ከወተት ጋር ቆይተው ይመርራሉ፣ የፍስክ ስትሠሩ ይሄን አትርሱ። በጾም ግን ወተት ስለሌለ ግድ የለም ጥሬውን ምቱት፣ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል።

አቮካዶ ለብቻው ይለይ። ሲረጋ ክሬም ይመስላል ምክንያቱም ከ100 ግራም 15 ግራም ያህል ቅባት አለው፣ ግን ስኳርና ሎሚ ካልበዛበት ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ሎሚው ደሞ እንዳይጠቁርም ያደርጋል። አንድ አቮካዶ፣ አንድ የበሰለ ሙዝ፣ አንድ ሎሚ፣ ስኳር፣ ትንሽ ውሃ። ወተት የሌለው መሆኑን ካልነገራችኋቸው ማንም አያውቅም፣ የጾም አይስክሬም እሱ ነው።

የግቢው ተወዳጅ ግን ስፕሪሱ ሆነ። ጁስ ቤት የምናዘዘውን ስፕሪስ ታውቁታላችሁ፣ አቮካዶ ማንጎ ፓፓያ ተደርድሮ ከላይ ሎሚና ቪምቶ፣ እሱን ነው በእንጨት ያረጋሁት። መጀመሪያ አንዱን ፍራፍሬ እስከ ፎርማው ሲሶ ድረስ ጨምሩ፣ ክዳን ሳታደርጉ ፍሪዘር ይግባ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሦስት ሩብ ሰዓት፣ ላዩ ያዝ ሲያደርግ ሁለተኛውን፣ እንጨቱን እዚህ ጋ ሰካ አድርጉት ምክንያቱም በዚህን ጊዜ ነው ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ከዛ ሦስተኛውን። ሙሉ በሙሉ እስኪረጋ ከጠበቃችሁ ግን ንብርብሮቹ አይያያዙም፣ ሲመጥ ፓፓያው ብቻውን ሸርተት ብሎ ይወድቃል። ቪምቶው ሽሮፕ ነውና እንዳለ እንዳታፈሱት፣ ስኳሩ ብዙ ስለሆነ አይረጋም፣ አንድ እጅ ቪምቶ በአራት እጅ ውሃ በጥብጡት። ቀለሙ ደሞ ፎርማው ላይ ይቀራል፣ የኔ ጫፉ ላይ ወይን ጠጅ መስመር ይዟል፣ በኮምጣጤም አልለቀቀም፣ ለጤናው ምንም አይደለም ግን ነጭ ነገር ለምትወዱ ተናግሬያለሁ።

ሁላችንም ኡሚ የምንላቸው የጎረቤታችን እናት ካፈጠሩ በኋላ የፓፓያና የሎሚውን ሰጠኋቸው፣ አንድ ጊዜ መጠጥ አደረጉና «ልጄ፣ ነገ ቴምሬን ትቼ በዚህ ላፈጥር ነው እንዴ» አሉ፣ ወዲያው አስተግፊሩላህ ብለው ሳቁ። በማግስቱ ሎሚ በዘንቢል ላኩልኝ፣ ትእዛዝ መሆኑ ነው።

ማሽኑን ተዉት ያልኩት ለምንድን ነው? አንዲት ጓደኛዬ ከውጭ ያስመጣችው አይስክሬም መምቻ ማሽን አላት፣ የሚሽከረከረው ዓይነት፣ ሳህኑ ግድግዳው ውስጥ የሚረጋ ፈሳሽ አለው፣ ሳህኑ ባዶውን ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ሙሉ ፍሪዘር ውስጥ መቆየት አለበት። አሁን እዚህ መብራት እየሄደ እየመጣ እሱን አስቡት፣ ሳህኑ አድሮ ሊያልቅለት ሲል መብራት ይሄዳል፣ ሲመጣ እንደገና ከዜሮ። ሳህኑ ደሞ የፍሪዘሩን ግማሽ ይይዛል፣ ሥጋውን የት ልታስቀምጡት ነው? ሲሠራ ግን የሚያወጣው ነገር ከኔ ይበልጣል፣ እያንቀሳቀሰ ስለሚያረጋው በረዶው ደቃቅ ይሆናል፣ ይሄን መካድ አልችልም። ጄኔሬተር ያለው ሰው ይግዛው። ለኛ ለቀረነው ፎርማው ይሻላል፣ ትንንሽ ስለሆነ ቶሎ ይረጋል፣ ስድስት ሰዓት ገደማ መብራት ካገኘ አለቀ፣ ማታ አስገብቶ መተኛት ነው።

መብራት ከሄደ ፍሪዘሩን እየከፈታችሁ አትዩት፣ ልጆቹንም ከልክሉ። ሙሉ የሆነ ትልቅ ዲፕ ፍሪዘር ካልተከፈተ እስከ ሁለት ቀን ቅዝቃዜ ይይዛል፣ እንደኛ ፍሪጅ ላይኛው ሳጥን ያለው ግን ቶሎ ነው የሚላላው። ላልቶ ግን ገና ብርድ ከሆነ ሁሉንም ብሌንደር ውስጥ መልሱና ምቱት፣ ከዛ እንደገና እንዲረጋ አስገቡት፣ እንዲሁ ከተዋችሁት ሲረጋ ሻካራ በረዶ ይሆናል፣ ውሃው ከፍራፍሬው ተለይቶ ይረጋላ። ሙሉ ቀልጦ ከሞቀ ግን ያው ጁስ ነው፣ ሽታው ካልተበላሸ ወዲያው ጠጡት። ባለ አንድ በር ፍሪጅ ያላችሁ ደሞ መቆጣጠሪያውን ማታውን ከፍ አድርጉት፣ ትሪውን የፍሪዘሩ ወለል ላይ ቀጥታ አሳርፉት እንጂ በረዶ ላይ ወይ ዕቃ ላይ አትደርቡት። ቀስ ብሎ የረጋ ነገር ክሪስታሉ ይተልቃል፣ ሲበላ አሸዋ አሸዋ ይላል።

ብሌንደሩስ ምን ዓይነት ይሁን ለምትሉ፣ ኖርማል የጁስ መፍጫ ይበቃል። ሙዝ ቆራርጦ አርግቶ ፈጭቶ ያለ ፎርማ እንደ ሶፍት አይስክሬም የሚያደርጉት ነገር አለ፣ በጣም አሪፍ ነው ግን የረጋ ሙዝ ርካሽ ብሌንደር ላይ ከባድ ነው፣ ሞተሩ መሽተት ከጀመረ አቁሙ። ከፍሪዘር አውጥታችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ይላላ፣ ትንሽ ጁስ ጨምሩ፣ እያቆማችሁ ፍጩት።

ካወጣችሁ በኋላ ፎርማውን ነጻ ለማድረግ የረጋውን አንድ በአንድ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ አየሩን አስወጥታችሁ እሰሩት፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ደህና ይቆያል፣ ከዛ ወዲያ ላዩ ላይ አመዳይ ያወጣል ጣዕሙም ይደክማል። እኛ ቤት ግን እስከዛ የቆየ የለም።

እንጨቱ ከፎርማው ጋር የሚመጣው ጥቂት ነው፣ ልጆች ይጥሉታል፣ አንዳንዱም ይሰበራል። ብቻውን እንጨት የሚሸጥ ሱቅ መርካቶ ውስጥ አላገኘሁም፣ የሕክምና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ግን ሐኪም ምላስ የሚጫንበትን እንጨት በካርቶን ይሸጣሉ፣ ንጹህ ነው ርካሽም ነው፣ ትንሽ ሰፋ ስለሚል የክዳኑን ቀዳዳ በምላጭ እንጨቱ እስኪገባ ብቻ ከፈት አድርጉለት፣ ከዛ በላይ ከከፈታችሁት ግን እንጨቱ አይቆምም። እዛው ሱቅ ባለ 10 ጉድጓድም አይቻለሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ፍሪዘራችሁን ለኩ፣ የኔ ውስጥ አይገባም ነበር፣ ክዳኑንም እዛው ሱቁ ውስጥ እያጠፋችሁ እየዘረጋችሁ ፈትኑት፣ መታጠፊያው ላይ ነጭ መስመር ካወጣ ሌላ አስመጡ፣ ከ700 በላይም አትክፈሉ።